ደርሶ መልስ

በዚህች ጽሑፍ ላይ ስለ መንገድ ያልጻፈ ሰው ጥቂት ነው። የመተማውን፥ የሑመራውን፥ የበረሃውን መንገድ ደጋግመን አንብበናል፤ ሁሉም መሄጃ እንጂ መመለሻ የላቸውም። እኛ ዛሬ የምናጫውታችሁ በስደት ዘመናችን ደርሰን ስለ ተመለስንበት ብቸኛ መንገድ፥ ስለ ፖርት ሱዳን የሦስት ቀን ቆይታችን ነው።

ጊዜው ጥር 2010 ዓ.ም. ነበር። ካርቱም፥ ዴም ውስጥ ባንድ ግቢ የምንኖር ሁለት እኅቶችና ሦስት ወንድሞች ነበርን። ከወንድሞቻችን ለአንዱ ዕቁብ ወጣለት። ዴም ላይ ዕቁብ የወጣለት ወጣት ገንዘቡን ለምን እንደሚያውለው ታውቃላችሁ፤ ለሊቢያ መንገድ ነው። እርሱም ደላላውን አነጋግሮ ጨርሶ ነበር። ታላቂቱ እኅታችን ግን፥ «ባሕር የሚባለውን ዓይተኸው ታውቃለህ? መጀመሪያ ሄደን እንየው» አለችው። በቀልድ የተጀመረው ነገር ቁም ነገር ሆነ።

ስደተኛ ከካርቱም ሲወጣ የይለፍ ወረቀት መያዝ ነበረበት። ጸሐፊው የጉዟችንን ምክንያት ቢጠይቀን «ባሕር ለማየት» አልነው። ሳቀና፥ «እንዲህ የሚባል ምክንያት የለም» ብሎ «ዘመድ ጥየቃ» ብሎ ጻፈልን። እኛም ዘመድ የሌለን ሰዎች ዘመድ ልንጠይቅ ተነሣን።

አውቶቡሱ በአትባራ በኩል 800 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዞ፥ የቀይ ባሕርን ተራሮች ወርዶ ማታ አደረሰን። ፖርት ሱዳን ያረጀች ከተማ አይደለችም፤ እንግሊዞች በ20ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ የቆረቆሯት ናት። ከርሷ በፊት የነበረችው ወደብ ሱአኪን በስተደቡብ 60 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ ትገኛለች። በማግስቱ ሄደን አየናት። ከባሕር ድንጋይ የተሠሩት ቤቶቿ ፈራርሰው ነጭ ክምር ሆነዋል። ሐጃጆች ወደ መካ የሚሻገሩባት በር ነበረች፤ ወደ ኢየሩሳሌም የሚሄዱ የሀገራችን መነኮሳትም ያልፉባት እንደ ነበር ይነገራል። እነርሱም ተሳልመው የሚመለሱ መንገደኞች ነበሩ።

በሁለተኛው ቀን ወለሏ መስተዋት የሆነች ጀልባ ተሳፈርን። ከእግራችን በታች ዓሣው፥ ቀይና ቢጫው የባሕር አበባ ይታያል፤ እንደ ልጆች ጮኽን። ጥቂት እንደ ተጓዝን ግን የባሕሩ ወለል ድንገት ጠፋና መስተዋቱ ጠቆረ። ወንድማችን የጀልባዋን ጠርዝ ጨበጠ። «እንዴት ያለ ጥልቅ ነው!» ቢል ጀልባ ነጂው፥ «ይህ እኮ ገና ዳር ነው» አለው። ወንድማችን እስክንወርድ ድረስ አልተናገረም።

ማታ ማታ ከወደቡ ዳር አንድ የቤጃ ሽማግሌ ዘንድ ቡና እንጠጣ ነበር። ጀበናቸው ትንሽ ናት፤ አፏ ላይ እንደኛው ጭረት ተወትፎባታል፤ ቡናው ዝንጅብል አለበት። ሐበሻ መሆናችንን ሲያውቁ፥ «ጀበናዋን ታውቋታላችሁ፤ እንግዳ አይደላችሁም» አሉን። በሦስተኛው ማታ ሒሳብ ብንሰጣቸው እጃችንን መለሱ። «ዘመድ ሊጠይቅ የመጣ ይከፍላልን?» አሉ። ስለ ወረቀታችን ቃል አልነገርናቸውም ነበር።

በማግስቱ ጧት ወንድማችን፥ «በሉ ወደ ቤታችን እንሂድ» አለ። ሁላችንም ተያየን። ከአገር ከወጣን ጀምሮ ማናችንም ዴምን ቤታችን ብለን አናውቅም ነበር።

ደላላው ከዚያ በኋላ ደጋግሞ ደወለ፤ ወንድማችን አላነሣም። በዕቁቡ የቀረ ገንዘብ ዴም ላይ ትንሽ ቡና ቤት ከፈተ፤ ዝንጅብል የሚጨምረው እርሱ ብቻ ነበር።

ሚያዝያ 7 ቀን 2015 ዓ.ም. ካርቱም ላይ ጦርነት ተነሣ። እንደ ገና መመለሻ የሌለው መንገድ ጀመርን፤ ከአምስታችን ሦስታችን እዚህ መጠለያ ደረስን። በሚያዝያ 2017 ዓ.ም. መጨረሻ ፖርት ሱዳንም በድሮን ተመታች ሲባል የጠየቅነው ስለ ነዳጁ ማከማቻ አልነበረም፤ ስለ ሽማግሌው ነበር። የሚነግረን አላገኘንም።

ይህን ጽሑፍ በእጁ እየገለበጠ የሚያዘጋጅላችሁ ያ ወንድማችን ነው፤ በሕይወት አለ። መንገዱ ሲከፈት እንደ ገና ይለፍ እንጠይቃለን። ምክንያት ሲሉን እንደ ፊተኛው አንደናገርም፤ ዘመድ ጥየቃ ነው እንላለን።