የየካው ዋሻ ሚካኤል

በአዲስ አበባ ሰሜን ምሥራቅ፣ ከየካ ሚካኤል ቤተ ክርስቲያን በላይ ባለው ተራራ፣ በባሕር ዛፍ ደን መካከል ከአንድ ዐለት የተፈለፈለ ጥንታዊ ቤተ መቅደስ ይገኛል። ሕዝቡ ዋሻ ሚካኤል ይለዋል። ስሙ ግን ያሳስታል። ጠራቢዎቹ ከላይ ወደ ታች እየቆፈሩ፣ ቦይ አውጥተው ዐለቱን ከተራራው በከፊል ለዩት፤ ከዚያም ውስጡን እየፈለፈሉ ዐምዱን አስቀሩ። በእንዲህ ያለው ሥራ አንዴ በስሕተት የተቆረጠ ዐምድ አይመለስም።

አፈ ታሪኩ ሕንፃውን ለ4ኛው መቶ ዘመን ነገሥታት፣ ለአብርሃና ለአጽብሐ ይሰጣል። ተመራማሪዎች ደግሞ አሠራሩን አይተው ወደ 12ኛውና 13ኛው መቶ ዘመን ያቀርቡታል። ይህም ቢሆን በ1879 ዓ.ም. ከተቆረቆረችው አዲስ አበባ ከአምስት መቶ ዓመት በላይ ይቀድማል። በትግራይም በውቅሮ አካባቢ የሁለቱን ነገሥታት ስም የያዘ የዐለት ቤተ ክርስቲያን ስላለ፣ የየካው ትውፊት ብቻውን የቆመ አይደለም። መሮውን የጨበጡትን እጆች ግን ትውፊቱ በስም አያነሣቸውም፤ ይህ ለነገሥታቱ ከተሰጠው ክብር ይልቅ ሊያሳስበን ይገባል።

እንደሚነገረው ታቦቱ ከጊዜ በኋላ ወደ ታችኛው ቤተ ክርስቲያን ወረደ። ጥር 12 ቀን ከጥምቀተ ባሕር ሲመለስም ምእመናን በእልልታና በሆታ አጅበው የሚሸኙት ወደዚያው ነው። የላይኛው ጣሪያ በከፊል ፈርሷል። ክረምት ሲገባ ዝናቡ በፈረሰው በኩል ይወርዳል፤ ለጠራቢው መሮ የተመቸው ለስላሳ ዐለት ለውኃውም ይመቸዋል።