የቆሰለ አይተውም

ሰሜን ስዊድን ውስጥ የሙስ አደን የሚከፈተው በሴፕቴምበር የመጀመሪያው ሰኞ ነው፤ በእኛ አቆጣጠር እንቁጣጣሽ ሊገባ ቀናት ሲቀሩት። ባደግኩበት በዬምትላንድ ያ ሰኞ ከበዓል አይተናነስም። መሥሪያ ቤቱ ጭር ይላል፣ ሰው ሁሉ ብርቱካናማ ቆብ አድርጎ ጫካ ይገባል። ሙስን ለማታውቁት፦ ከአጋዘን ወገን ትልቁ ነው፤ አድጎ የጨረሰ ወንድ ከ400 ኪሎ በላይ ሊመዝን ይችላል።

አባዬ ግን እዚህ በኖረባቸው 30 ዓመታት አንድ ቀን እንኳ ከአዳኞች ጋር ወጥቶ አያውቅም። በደርግ ጊዜ፣ ገና ልጅ ሳለ ታፍሶ ሰሜን ጦር ግንባር የተላከ ሰው ነው። በሱዳን በኩል ወጣ። ከዚያ ወዲህ ጠመንጃ ነክቶ አያውቅም። ለፈረንጆች አዲስ ዓመት ርችት ሲተኮስ እንኳ የቴሌቪዥኑን ድምፅ ይጨምራል።

የአዳኝነት ፈተና ማለፌን ስነግረው ዝም አለኝ። ሦስት ቀን። በአራተኛው ቀን ቡና እየጠጣን አንድ ነገር ጠየቀኝ።

«መተሽው ካልሞተስ?»

«የቆሰለ አይተውም፣ አባዬ። ሕግ ነው። በ2 ሰዓት ውስጥ የሠለጠነ ውሻ ቦታው ላይ መድረስ አለበት። እስኪገኝ ይፈለጋል።»

«ለአውሬ?»

«አዎ።»

ስኒውን አስቀመጠ። «እመጣለሁ» አለ።

ሰኞ ጎህ ሲቀድ ማማ ላይ ወጥተን ጎን ለጎን ተቀመጥን። ማማ ስል የእውነት ማማ ነው፤ አገር ቤት ዝንጀሮና ወፍ የሚጠበቅበት ዓይነት፣ ከእንጨት የተሠራ። ከፊታችን ዛፉ የተቆረጠ ገላጣ፣ ከዚያ ወዲያ ጥድ ብቻ። ሥራው በአብዛኛው መጠበቅ ነው። ውሻው ጫካ ውስጥ ተለቆ ሙሱን ይፈልጋል፤ ሲያገኘው እየጮኸ ያቆመዋል። እኛ ሬዲዮ ጆሯችን ላይ አድርገን እናዳምጣለን። አባዬ ሻይ በፔርሙዝ ይዞ ነበር፤ አልከፈተውም።

ሦስት ሰዓት አካባቢ ውሻው ጮኸ። ጩኸቱ ቀረበ። ከዚያ ወጣት ወንድ ሙስ ከጥዱ መሃል ወጥቶ ገላጣው ላይ ቆመ፤ ጎኑን ሰጥቶኝ። ልቤ ሲመታ ጠመንጃው አብሮ የሚንቀጠቀጥ መሰለኝ። ከትከሻው ጀርባ አነጣጥሬ ቃታ ሳብኩ።

አልወደቀም። ሮጦ ጫካ ገባ።

ሕጉን ባውቅም ሆዴ ባዶ ሆነ። ሳንባው የተመታ እንስሳም ሮጦ ነው የሚወድቅ፤ ወዲያው ማባረር አይገባም፣ ዝም ብሎ መጠበቅ ነው። ጠበቅን። አባዬን ማየት ፈራሁ። እሱ ግን ወደ ጥዱ እያየ፣ ቀስ ብሎ፣ ማውራት ጀመረ።

«ጓደኛ ነበረኝ። እግሩን ተመታ። እመለሳለሁ ብዬው ሄድኩ።»

ምንም አልጨመረም። እኔም ምን እንደሚባል አላውቅም ነበርና እጁን ያዝኩት።

ሬዲዮው ተንኮሻኮሸ። ውሻው አግኝቶታል፤ 60 ሜትር ያህል ሄዶ ወድቆ ነበር። ከማማው ቀድሞኝ የወረደው አባዬ ነው። ስደርስ ጎኑ ተንበርክኮ፣ መዳፉን አንገቱ ላይ አድርጎ ነበር። ሞቶ እንደሆነ እያጣራ መሰለኝ። ሆድ ዕቃው ሲወጣ ቢላ ተቀብሎ «በስመ አብ» ብሎ አገዘ። ገመድ ሲጎተትም ከሁሉ ፊት እሱ ነበር።

ሥጋው ቀዝቃዛ ቤት ተሰቀለ። የሚቆየው በሂሳብ ነው፤ የየቀኑ ሙቀት ተደምሮ 40 እስኪሞላ፣ ማለትም 8 ዲግሪ ከሆነ 5 ቀን። ከዚያ ሥጋው እኩል እኩል ተመደበ። አንዱ ፊቱን አዙሮ ይቆማል፣ ሌላው መደቡን እያመለከተ «ይሄስ የማን ነው?» ይላል፣ ያኛው ሳያይ ስም ይጠራል።

አባዬ ሳቁ አመለጠው። «ቅርጫ ነው እኮ!»

እማዬ «ያመሰኳል? ሰኮናው ስንጥቅ ነው?» ብላ መርምራን ነው የጠበሰችው። ሁለቱንም አሟልቷል። እንቁጣጣሽ ማታ፣ ከመጉረሳችን በፊት፣ አባዬ የጓደኛውን ስም ጠራ። 23 ዓመት ሙሉ ሰምቼው የማላውቀው ስም። ከዚያ ስለ እሱ እስከ ሌሊት አወራን፤ ኳስ እንዴት እንደሚጫወት፣ ሲዘፍን ድምፁ እንዴት እንደሚያስጠላ።

ዘንድሮም ማማው ላይ አብሮኝ ይወጣል። ጠመንጃ ግን አሁንም አይነካም።