የሻላ ደሴት ወፎች

በልጅነቴ በእንጅባራ አጠገብ በዘንገና ሐይቅ ዳር ስንማር፥ መምህራችን ፊሳልጎስ ከሚባለው ጥንታዊ መጽሐፍ የአንዲት ወፍ ነገር አጫወቱን። ፔሊካን የሞቱ ጫጩቶቿን በገዛ ደሟ ታነሣለች፥ ይህም የመድኃኔ ዓለም ምሳሌ ነው አሉን። እኔም ወፊቱን ሳላያት ወደድኋት።

ከብዙ ዘመን በኋላ ወደ ሻላ ወርጄ አየኋት። ሻላም እንደ ዘንገና እሳተ ገሞራ የቈፈረው ሐይቅ ነው፤ ጥልቀቱ 266 ሜትር ይደርሳል። ነጭ ፔሊካኖች ከአውሬ ርቀው በደሴቱ ላይ ይዋለዳሉ፤ እናቲቱ አብዛኛውን ጊዜ ሁለት እንቍላል ትጥላለች። ጫጩቷ ምንቃሯን በእናቷ ጕሮሮ ከትታ ስትበላ ያየ የጥንት ሰው፥ ደም የምትጠጣ መስሎት ይሆናል።

ነገር ግን በሻላ የሚበቃ ዓሣ ስለሌለ፥ ወላጆቹ ምግብ ያመጡ የነበረው ከጎረቤቱ ከአብያታ ነው። አብያታ ጥልቀት የለውምና፥ ከ1960ዎቹ ዓ.ም. ወዲህ ገባሮቹ ለመስኖ፥ በኋላም ውኃው ለሶዳ አሽ በተወሰደ ጊዜ፥ ከስፋቱ ግማሽ ያህሉን አጣ፤ ጨውነቱ በረታ፥ ዓሣውም አለቀ። ወፎቹም እስከ ዝዋይና እስከ ሐዋሳ ለመብረር ተገደዱ፥ ቍጥራቸውም አነሰ። ሁለቱ ሐይቆች በአንድ ብሔራዊ ፓርክ ይጠበቃሉ፤ ወንዙ ግን የሚጠለፈው ከፓርኩ ውጭ ነው። ጎጆው ተጠብቆ ማዕዱ ቢታጠፍ ምን ይጠቅማል?

መምህሬ በሕይወት ቢኖሩ፥ ወፊቱ ልጆቿን የምታሳድገው በደሟ ሳይሆን በድካሟ ነው እላቸው ነበር። ወደ ቤቴም ተመልሼ ውኃ ስጠጣ ብርጭቆዬን አየሁት። ብርጭቆ ከሶዳ አሽ ይሠራልና፥ በዕዳው እኔም እንዳለሁበት ዐወቅሁ።