ስለ ዘፋኝ እንጀራና ስለ አንድ ወረቀት

ልጅ አባቱ በናቀው ሥራ ሊያድር የወደደ እንደ ሆነ፥ አባት ከመቆጣቱ አስቀድሞ ሊመረምረው የሚገባ ነገር አለ። ይህንን የምንጽፈው አስቀድመን ዐውቀን ሳይሆን፥ ተቆጥተን ከተጸጸትን በኋላ ነው።

እኛ በባሮ ወንዝ ዳር በምትገኘው በኢታንግ በፍርድ ቤት ጸሐፊነት የምናገለግል ነን። በልጅነታችን በቤተ ክርስቲያን ትምህርት ቤት ዳዊት ደግመናል፤ ኋላም ወደ ሚሲዮን ትምህርት ቤት ገብተን ከቋንቋው ጋራ ጊታር መምታትን ጥቂት ቀምሰናል። ነገር ግን አዝማሪ መባልን ፈርተን ጊታሩን ለባለቤቱ መለስንና ብዕር ያዝን።

ባለፈው ክረምት ባሮ በሞላበት ጊዜ፥ የ19 ዓመት ልጃችን ከራት በኋላ አንድ ወረቀት አቀረበልን። ይህ ልጅ ጠጕሩን ወደ ላይ አበጥሮ የአሜሪካዊውን የኤልቪስ ፕሬስሊን የጥንት ዘፈን በጊታር መጫወት ከጀመረ ሁለት ዓመት ሆኖታል። በጋምቤላ ከተማ ያለ አንድ የመጠጥ ቤት ባለቤት ማታ ማታ እንዲዘፍንለት ሊቀጥረው ስለ ፈለገ፥ ትምህርቴን ትቼ ልሂድ አለን። እኛም ወረቀቱን ሳናይ «ከዚህ ቤት አዝማሪ አይወጣም» ብለን ተቆጣን። ልጁም አንገቱን ደፍቶ «አባባ፥ በፍርድ ቤት ወረቀት ሳያነቡ መፍረድ ይፈቀዳልን?» አለን።

በዚያ ሌሊት እንቅልፍ አልወሰደንም። ከዓመታት በፊት አንድ አኙዋ ሽማግሌ፥ ቶም የሚባለውን በአውራ ጣት የሚመታ መሣሪያ ዐዋቂ፥ ወደ ጽሕፈት ቤታችን መጥተው ነበር። ድምፃቸውን ቀድተው የወሰዱ ሰዎች እየሸጡት ለእርሳቸው ምንም እንዳልደረሳቸው ነገሩን። «አባቴ፥ ውል አለዎትን?» ብንላቸው የለኝም አሉ፤ እኛም አቤቱታቸውን ሳንጽፍ አሰናበትናቸው። እንግዲህ ወረቀት የሌላቸውን ስለ ወረቀት መለስን፤ ወረቀት ይዞ የመጣውን ልጃችንን ግን ሳናነብለት መለስን።

ስለዚህ ልጃችን የሚከተላቸው ዘፋኞች በምን እንደ ኖሩ መመርመር ጀመርን። አቶ ዓለማየሁ እሸቴ በ1933 ዓ.ም. ተወለዱ። በወጣትነታቸው የኤልቪስን ዘፈንና አለባበስ ስለ ተከተሉ የኢትዮጵያ ኤልቪስ ተባሉ፤ ስማቸው የገነነው ግን በአማርኛ መዝፈን በጀመሩ ጊዜ ነው። በፖሊስ ኦርኬስትራ ሳሉ እንጀራቸው ደመወዝ ነበር። በዚያን ዘመን ሸክላ ማሳተም ለሀገር ፍቅር ማኅበር ብቻ የተፈቀደ ሲሆን፥ አቶ አምሃ እሸቴ የተባሉ ነጋዴ በ1961 ዓ.ም. ገደማ ደፍረው የአቶ ዓለማየሁን ድምፅ በሕንድ አገር አሳተሙ። እስከ 1967 ዓ.ም. ድረስም የልዩ ልዩ ዘፋኞችን 103 ትንንሽና 12 ትልልቅ ሸክላዎች አወጡ።

ነገር ግን በ1966 ዓ.ም. አብዮት ፈነዳ፤ ሰዓት እላፊም ስለ ታወጀ የሌሊት ጭፈራ ቤቶች ባዶ ሆኑ፤ አቶ አምሃም ወደ አሜሪካ ሄዱ። ቀጥሎ ካሴት መጣ፤ አንዱ የገዛውን ብዙ ሰው ይገለብጠዋል። ከ1990 ዓ.ም. ገደማ ጀምሮ ፈረንሳዊው ፍራንሲስ ፋልሴቶ «ኢትዮፒክስ» በተባለው ተከታታይ የድሮውን ዘፈን ቢያሳትም፥ የውጭ አገር ሰው አቶ ዓለማየሁን ይፈልጋቸው ጀመር። በነሐሴ 2000 ዓ.ም. በኒውዮርክ በሊንከን ማእከል ሲዘፍኑ ዕድሜያቸው 67 ነበር። ነሐሴ 27 ቀን 2013 ዓ.ም. በ80 ዓመታቸው ዐረፉ። በወጣትነታቸው የዘሩትን በሽምግልና ማጨድ የጀመሩት እንዲህ ዘግይተው ነው።

ራሱ ኤልቪስም ቢሆን ከወረቀት አላመለጠም። በኅዳር 1948 ዓ.ም. ሰን የተባለው ትንሽ ማተሚያ ውሉን ለአርሲኤ በ35,000 ዶላር ሸጠው። በ1965 ዓ.ም. ደግሞ ቀድሞ ከቀዳቸው ዘፈኖች ወደ ፊት የሚደርሰውን ገንዘብ በ5.4 ሚሊዮን ዶላር ለቀቀ፤ ያንንም ከወኪሉ ከቶም ፓርከር ጋራ ለሁለት ተካፈለው። ከአራት ዓመት በኋላ ሞተ፤ ዘፈኑ ግን እስከ ዛሬ ይሸጣል።

ይህንን ዐውቀን የልጃችንን ወረቀት አነበብን። ሦስተኛው አንቀጽ «ዘፋኙ በቤቱ ሳለ የሚደርሰው ዘፈን ሁሉ ለዘለዓለም የቀጣሪው ንብረት ይሆናል» ይላል። በአገራችን የቅጅ መብት ዐዋጅ ቁጥር 410/1996 ለደራሲውም፥ ለዘፋኙም፥ ድምፁን ለሚያሳትመውም ለየራሳቸው መብት ሰጥቷል፤ ነገር ግን ሰው መብቱን በገዛ ፊርማው አሳልፎ ከሰጠ በኋላ ዐዋጅ መጥቀስ ብዙ አይረዳውም። በገዛ እጃችን ሌላ ውል ጽፈን ላክን፤ ልጁ የሚዘፍነው ዓርብና ቅዳሜ ማታ ብቻ እንዲሆን፥ ዘፈኑም የራሱ ሆኖ እንዲቀር። ቀጣሪው ተቀበለ፤ ከሌሊቱ ዋጋ ግን መቶ ብር ቀነሰ። ልጃችን በመቶው ብር አዘነ፤ እኛም እውነቱን ነው አልን፥ ብሩ የዛሬ ነው፥ ዘፈኑ ግን ገና አልተደረሰም።

ትምህርቱን እንዲጨርስም አዘዝነው። አቶ ዓለማየሁ ራሳቸው «ተማር ልጄ» የሚል ዘፈን መዝፈናቸውን ብናስታውሰው ሣቀ፤ ሆኖም መጽሐፉን አነሣ። ባለቤታችን ግን «እርስዎም ጊታሩን አንሥተው ቢያስተምሩት ምን አለ?» አለችን። ከብዙ ዓመት በኋላ ክሩን ነካን፤ ጣታችን ደንዝዟል።

ሽማግሌውን በመንደራቸው ፈልገን አላገኘናቸውም፤ ጎረቤቶቻቸው ወደ ዘመዶቻቸው ሄደዋል አሉን። የተመለሱ ቀን አቤቱታቸውን ያለ ዋጋ እንጽፋለን። እናንተም የተከበራችሁ አንባቢዎች፥ ልጃችሁ ጊታር ይዞ በፊታችሁ የቆመ እንደ ሆነ፥ ከቍጣው በፊት ውሉን ጠይቁት፤ ተቀምጣችሁም እስከ መጨረሻው መስመር አንብቡለት።