ከቤት ሆኖ መሥራት

መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም. የኮሮና በሽታ በአገራችን መገኘቱ በተነገረ ጊዜ፣ ከሦስት ቀንም በኋላ ትምህርት ቤቶች እንዲዘጉ በታዘዘ ጊዜ፣ ሁላችንም የፈራነው ለነፍሳችን ነበር። ፍርሃቱም ተገቢ ነበር። ነገር ግን በመሥሪያ ቤት ለምንውል እናቶች ከበሽታው ሌላ የመጣ ነገር አለ፤ ስለ እርሱ እስከ ዛሬ ብዙ አልተነገረም።

በዚያው ወር አብዛኛው የመንግሥት ሠራተኛ ከቤቱ ሆኖ እንዲሠራ ተደረገ። ይህ ትእዛዝ ለባልና ለሚስት አንድ ትርጉም አልነበረውም። በቤታችን ያለው ጠረጴዛ አንድ ነው፤ እርሱም ያለ ምንም ክርክር የአባወራው ሆነ። እኛ ግን ወጡን ከምድጃ ላይ ጥደን፣ የትንሹን ልጅ ትምህርት በቴሌግራም ተቀብለን፣ የትልቋን የሒሳብ ጥያቄ መልሰን፣ የመሥሪያ ቤቱን ጽሑፍ የምንጀምረው ሌሊት ሰው ሁሉ ሲተኛ ነበር። ባለቤታችንን ለመክሰስ አይደለም፤ ሲያድግ ያየውን ነው ያደረገው።

ሕጉም ቢሆን ከዚህ ልማድ ብዙ አልራቀም። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ለወላዲቱ ከወሊድ በፊት 30፣ ከወሊድ በኋላ 90 ቀን ዕረፍት ሲሰጥ፣ ለአባትየው የሰጠው 3 ቀን ነው። እናት ዕረፍት በማግኘቷ ደስ ይለናል፤ ግን አሠሪ ይህን ቁጥር አይቶ የሚያሰላው ሌላ ነው።

ከዚህ ይልቅ የሚያሳዝነው የቤት ሠራተኛዋ ነገር ነው። ብዙዎቻችን ወደ ሥራ መውጣት የቻልነው ሌላይቱ ሴት በጓዳችን ስለ ቆመች ነበር። በሽታው ሲመጣ በየሰፈሩ ብዙዎቹ ጓዛቸውን ጠቅልለው እንዲወጡ ተደረገ። በአስቸኳይ ጊዜው ደንብ አሠሪዎች ሠራተኛ እንዳያሰናብቱ ቢከለከሉም፣ የቤት ሠራተኛ ከተባለው አዋጅ ውጭ ናትና የጠየቀላት አልነበረም። በሐዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ ልብስ ከሚሰፉት ልጃገረዶችም፣ የውጭ አገር ገዢዎች ትእዛዛቸውን ሲቀንሱ፣ ወደ ትውልድ ቀያቸው የተመለሱት ብዙዎች ናቸው። ዓለም አቀፉ የሥራ ድርጅት እንዳስታወቀው በፈረንጆች አቆጣጠር ከ2019 እስከ 2020 በዓለም የሴቶች ሥራ በ4.2 ከመቶ ሲቀንስ የወንዶች የቀነሰው በ3 ከመቶ ነበር።

ትምህርት ቤቶች በ2013 ዓ.ም. ደረጃ በደረጃ ተከፈቱ፤ እኛም ወደ መሥሪያ ቤታችን ተመለስን። በዚያው ዓመት የክፍል ኃላፊነት ቦታ ክፍት ሆኖ ሳለ፣ አለቃችን በርኅራኄ ቃል «እርስዎ ልጆች አሉብዎ፤ ይከብድዎታል» አሉን። የተሾመው ሰው የአራት ልጆች አባት ነው፤ እኛ ያሉን ሁለት ናቸው። የአባትነቱን ክብደት ግን ማንም አልጠየቀውም። ተሿሚው መልካም ሰው ነው፤ ሥራውንም ያውቃል። ሆኖም በወረርሽኙ ወራት ሌሊት የጻፍነው ሁሉ በምዘናው ወረቀት ላይ «አልፎ አልፎ ይዘገያል» በሚል አንድ መስመር ተጠቃሎ ማየት ከባድ ነበር።

አንድ ነገር ግን ተለውጧል። በ2012 ዓ.ም. ትንሣኤ ሚያዝያ 11 ቀን ውሎ አብዛኞቻችን በየቤታችን ስናከብረው፣ ባለቤታችን ከዕድሜው ለመጀመሪያ ጊዜ የዶሮውን ሽንኩርት ከትፎ እስኪቁላላ ድረስ ቆሞ አማሰለ። ዓይኑን እየጠረገ «ይህ ሁልጊዜ ይህን ያህል ሰዓት ይፈጃልን?» ሲል ጠየቀ። እንደሚፈጅ ነገርነው። ከዚያ ወዲህ ጠረጴዛው ቀን ከፍለን የምንሠራበት ሆኗል፤ ማን መቼ እንደሚይዘውም በወረቀት ተጽፎ ግድግዳው ላይ ተለጥፏል። ልጆቹ ከእኛ ይልቅ ይጠብቁታል።

ያ ኃላፊ በቅርቡ ወደ ሌላ ቦታ ተዛውሮ፣ ለቦታው እንደገና ማስታወቂያ ወጥቷል። ማመልከቻችንን አስገብተናል፤ ፈተናው በሚመጣው ሳምንት ነው። የዚህ ሳምንት ምሽቶች ሁሉ ጠረጴዛው የእኛ ነው።