በሴይማዝ ወንዝ ዳር

በጄኔቫ የምንገኝ ወገኖች የ12 ቁጥርን ትራም ለሥራም ለዘመድ ጥየቃም የማንሳፈርበት ጊዜ የለም። ትራሙ ሼን-ቡር ሊገባ ሲል የሚሻገራትን ትንሽ ወንዝ ግን ልብ የሚላት ጥቂት ነው። ስሟ ሴይማዝ ይባላል። እስከ 1816 ድረስ የጄኔቫና የሳቮይ ወሰን ነበረች። በዚያ ዓመት በተፈረመው የቱሪን ውል ወሰኑ ወደ ፎሮን ወንዝ ተገፍቶ ቶኔ በጄኔቫ ሥር ገባች። ሰዉ ከቤቱ ሳይነቃነቅ አገር ተቀየረበት ማለት ነው!

አንድ ወገናችን ቅዳሜ ቅዳሜ ይህችን ወንዝ ተከትሎ ሽቅብ ሲጓዝ ይታይ ነበር። ዕድሜው ከሃምሳ ያለፈ፣ በሆቴል ልብስ ማጠቢያ ክፍል የሚሠራ ጭምት ሰው ነው። ወዴት ነው ሲሉት «ሐኪም ተራመድ ብሎኝ ነው» ይላል። ባለቤትህስ ሲሉት ደግሞ «እናቷ አሟቸው አገር ቤት ሄዳለች» ይላል።

መንገዱ በእውነቱ ያምራል። የድሮ ባለጸጎች ርስት በየአቅጣጫው ይታያል። ሼን ማለት በፈረንሳይኛ የኦክ ዛፍ ነው፤ ትልልቆቹ በእኛ አገር ቢሆኑ ኖሮ አድባር ተብለው ቅቤ በተቀቡ ነበር። ወንዟም ታማ የዳነች ናት። በሃያኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ መነሻዋ ያለው ረግረግ ለእርሻ ተብሎ ሲደርቅ የላይኛው ክፍሏ በሲሚንቶ ቦይ ታስሮ ነበር። ካንቶኑ ከ1990ዎቹ መጨረሻ ወዲህ ቦዩን እያፈረሰ እንደ ጥንቷ እንድትጠማዘዝ አድርጓታል።

ከዚያ ወደ ቀኝ ሲታጠፉ ቤል-ኢዴ ይገኛል። በ1900 ቤል-ኤር በሚል ስም የተከፈተ፣ ሕንፃዎቹ በሰፊ መናፈሻ ውስጥ ተበታትነው የተሠሩ የአእምሮ ሕክምና ሆስፒታል ነው። ከ1959 እስከ 1975 የመሩት ዡልያን ደ አዡርያጌራም ቢልባኦ ተወልደው በሰው አገር የኖሩ ሐኪም ነበሩ።

የሰውየው ባለቤት ያለችው እዚህ ነው። በመጀመሪያ እንቅልፍ ራቃት፤ ቀጥሎም ጎረቤት በግድግዳ እያዳመጠኝ ነው ማለት ጀመረች። ሰውየው ያደገው «አማኑኤል ገባች» የምትለዋ ቃል አንድን ቤተሰብ ስታዋርድ እያየ በመሆኑ፣ ወሬው ከወጣ ሴት ልጁን ለትዳር የሚጠይቃት አይኖርም ብሎ ሠጋ። መጀመሪያ የመጣ ዕለት ዓይኑ የፈለገው የግንብ አጥር ነበር፤ ያየው ግን ሣርና ውሻቸውን የሚያናፍሱ ሰዎች ነው።

አንድ ቅዳሜ በመንገዱ ዳር ካለ አግዳሚ ወንበር ላይ ነጠላ የለበሱ እናት ተቀምጠው አገኘ። በማኅበር የሚያውቃቸው ናቸው።

«እትዬ፣ ደኅና ነዎት? ወዴት ነው?»

«ሐኪም ተራመጂ ብሎኝ ነው፣ ወንድሜ። አንተስ?»

«እኔንም እንደዚያው ብሎኝ ነው።»

አብረው ተጓዙ። መታጠፊያው ጋ ሲደርሱ አንዱ ሌላውን ቢጠብቅ ቀድሞ የሚሰናበት ጠፋ። በመጨረሻ ሁለቱም ወደ ግቢው ታጠፉ።

«ልጄ እዚህ ከተኛ ሦስተኛ ወሩ ነው» አሉ ሴትዮዋ፣ ዓይናቸውን ከመሬት ሳያነሡ። «ማኅበርተኛው የሚያውቀው ለትምህርት ዙሪክ መሄዱን ነው።»

ከዚያን ቀን ጀምሮ ቅዳሜን አብረው ይመጡ ጀመር። ወራት አልፈው ባለቤቱ ለመውጣት ስትቃረብ እስከ ወንዙ እንድትራመድ ተፈቀደላት። ሦስቱም ቀስ እያሉ ሲወርዱ ድንገት ቆም አለች።

«ለመሆኑ ሰው የት ነው ያለችው ይላል?»

«አገር ቤት» አለ ባልየው በዝቅተኛ ድምፅ።

«ታዲያ በርበሬና ሽሮውን ከየት ላመጣው ነው? ባዶ እጇን መጣች ሊሉኝ?»

እትዬ ሣቃቸው አመለጣቸው። «ለእሱስ አታስቢ፤ ባለፈው የተላከልኝ አለ፣ ከፍዬ እሰጥሻለሁ።»

«አይ እትዬ፣ በርበሬዎን ለራስዎ ያድርጉት» አለች። «እዚሁ ነበርኩ እላቸዋለሁ።»

ባልየው መልስ አልሰጠም። ክንዷን ይዞ እስከ ድልድዩ አብረው ወረዱ።