ሐውልት የሌለው ቀን

የወደቀ አውሮፕላን ታሪክ አለው፤ ቁጥር፣ ሐውልትና ሙት ዓመት አለው። ሞተሩ ተበላሽቶበት በሰላም ያረፈው ግን ምን አለው? መንገደኛው ሻንጣውን አንሥቶ ወደ ቤቱ ይሄዳል፤ ነገሩም በዚያው ይረሳል።

ይህ አብዝቶ የሚታሰበኝ ካቺሲ ስሆን ነው። ከዓባይ ሸለቆ በስተደቡብ ባለችው በዚህች የግንደ በረት ከተማ ቆሞ ሽቅብ ለሚያይ ሰው፣ አውሮፕላን ማለት በሰማይ ላይ የሚሳብ ነጭ ክር ነው። ድምፁ እንኳ የሚደርሰን እርሱ ካለፈ በኋላ ነው። በዚያ ክር ጫፍ ስንት ልብ በፍርሃት እንደሚመታ ከታች ማን ያውቃል?

ከሸለቆው ማዶ፣ ከባሕር ዳር፣ መስከረም 5 ቀን 1981 ዓ.ም. 104 ሰዎችን ይዞ የተነሣው የኢትዮጵያ አየር መንገድ ቦይንግ 737 ሁለቱም ሞተሮቹ ውስጥ ርግቦች ገቡ። አብራሪዎቹ ወደ ተነሡበት ሊመልሱት ታገሉ፤ ሞተሮቹ ግን ከዳቸው። አውሮፕላኑ ሜዳ ላይ በሆዱ አርፎ በእሳት ተያያዘ። 35 ሰዎች ሞቱ፤ 69 ተረፉ።

ጊዜ ያገኙትስ? ጥቅምት 25 ቀን 2003 ዓ.ም. ከሲንጋፖር ወደ ሲድኒ ይበር ከነበረው የቃንታስ ኤርባስ ኤ380 አራት ሞተሮች አንዱ፣ ባታም በተባለችው የኢንዶኔዥያ ደሴት ሰማይ ላይ ፈነዳ። ስብርባሪው ክንፉን በሳ፤ ከፊሉም በደሴቲቱ ላይ ወረደ። ነዳጅ ፈሰሰ፤ ማስጠንቀቂያው በላይ በላዩ መጣ። ካፒቴን ሪቻርድ ዴ ክሬስፒኒ ግን ለማረፍ አልተጣደፈም። ከባልደረቦቹ ጋር ለ50 ደቂቃ ያህል በአየር ላይ እየዞረ የተበላሸውንና የተረፈውን አንድ በአንድ መረመረ፤ ከዚያም ወደ ሲንጋፖር መልሶ አሳረፈው። መሬት ከነኩ በኋላም አንዱ ሞተር አልጠፋ አለ፤ ነዳጁ በጋለው ፍሬን አጠገብ ይፈስስ ነበር። በዚያ ሰዓት እንኳ መንገደኞቹን በድንገተኛ መውጫው አላጣደፏቸውም፤ በመቀመጫቸው አቆይተው በመሰላል አወረዷቸው እንጂ። ከ469 ሰዎች አንድም የተጎዳ አልነበረም።

«የቸኮለ አፍሶ ለቀመ» ይላል የአገሬ ሰው። በአየር ላይ ግን ያፈሰሱትን መልቀም የለም። የባሕር ዳሮቹ አብራሪዎች ያጡት ደቂቃ ነው፤ የሲንጋፖሮቹ ደቂቃ አገኙ፤ ያገኙትንም በድንጋጤ አላባከኑትም።

ለዚያ ቀን ሐውልት አልቆመለትም፤ የሚቀረጽበት የሙት ስም አልተገኘምና።